ድሬዳዋ፦ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከዚያም ወደ ዳገቱ

ድሬዳዋ ለብዙ እንግዳ የሐረር መተላለፊያ ናት። ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ አየር ማረፊያው በር ላይ መኪና ይይዝና ሽቅብ ወደ ሐረር ይወጣል። ከተማዋን የሚያያት በመስኮት ብቻ ነው። ያሳዝናል። ድሬ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይገባታል።

ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲነካ ነበር። ግን ከቆላው ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለባቡር የሚሆን አልነበረም፤ ወጪውም አይቀመስም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ባቡሩ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የምትባለው። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚህ በኋላ 15 ዓመት ገደማ ቆይታ ነው። ያኔ ድሬ ፈረንሳይኛ የሚሰማባት፣ የውጭ ዕቃ ቀድሞ የሚራገፍባት ከተማ ሆና ነበር።

የተራራው ነገር ዛሬም የከተማዋን ጠባይ ይወስናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። በመሃላቸው ያለው መንገድ ግን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱም፣ ጎርፉም፣ ለሽርሽር ሽቅብ የመውጣት ልማዱም የሚመጡት ከዚህ ነው። በአስተዳደር በኩል ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ከሆኑት ሁለት ከተሞች አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የገጠር ቀበሌዎቿን ጨምሮ 341,834 ሰው ይኖርባት ነበር።

የእግር ጉዞ ከከዚራ ቢጀመር ጥሩ ነው። ከዚራ ባቡር ጣቢያው ያለበት፣ በፕላን የተቀየሰው ሰፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ናቸው። ግራና ቀኛቸው በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ በቀትር እንኳ ጥላ ለጥላ መሄድ ይቻላል። በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባ የሚያፈካው ዛፍ በሌላው የአገራችን ክፍል ሳይቀር «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ ይጠራል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ በረንዳ ያላቸው፣ የእንጨት መስኮታቸው ለነፋስ የሚከፈት ናቸው። ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ጣሊያን ሁሉም እዚህ ሠርቶ፣ ነግዶ፣ ኖሮ አልፏል። አንዳንዱ ቤት ቀለሙ ለቋል፤ አንዳንዱ ፈርሶ ፎቅ ተተክቶበታል። የፎቁ ነገር አያስደስተኝም። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ለዚህ ሙቀት የሚሆን አይደለም፤ የድሮዎቹ ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር።

ለገሃር ማለትም አሮጌው ጣቢያ የከዚራ ልብ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማ ወጣ ባለ ሌላ ጣቢያ ስለሆነ እዚህ የጥንቱ ግርግር የለም። ቢሆንም ጥገና ክፍሉን ሳያዩ መሄድ ትልቅ ነገር ማጣት ነው። አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና ከፈረንሳይ የመጡ የብረት መሥሪያ ማሽኖች አሉበት። ለመግባት ፈቃድ ይጠየቃል። ከቀድሞ ሠራተኞች አንዱ አስጎብኚ ሆኖ ከተገኘማ ወሬው ከማሽኖቹ ይበልጣል። በእነሱ ዘመን የባቡር ሠራተኛ መሆን ድሬ ውስጥ ትልቅ ክብር ነበር።

ከከዚራ ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱን ማለፍ ግድ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ይህ ግን እንግዳን ማታለል የለበትም። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ ነው። ከተማው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ በድንገት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ሺዎችን ቤት አልባ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በዳርና ዳሩ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። በክረምት አመሻሽ ላይ ነዋሪው አሸዋውን ትቶ በድልድዩ ሲሄድ ካያችሁ እናንተም በድልድዩ ሂዱ።

መጋላ ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፤ ድምፁም ይጨምራል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ በአንድ ሱቅ በር ላይ ይሰማሉ። አንዱ በኦሮምኛ ጠይቆ በአማርኛ ሲመለስለት ማንም ልብ አይለውም። የዚህ ሰፈር ዋና ነገር ቀፊራ ገበያ ነው። ቅስት በሮቹ የዓረብ አሠራር አላቸው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች በደማቅ ልብሳቸው ተቀምጠው አትክልት፣ ቅመም፣ ወተትና ማገዶ ይሸጣሉ። ቀፊራን ማየት ያለባችሁ በጠዋት ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ብትደርሱ ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ያባርራችኋል። ፎቶ ማንሳት ሲያምራችሁ መጀመሪያ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እዚያው ቅርብ ያለው ታይዋን የሚባለው ገበያ ደግሞ ለልብስና ለኤሌክትሮኒክስ ነው። ዋጋ መከራከር የማይወድ ሰው ባይገባ ይሻለዋል።

ሌሎቹን ሰፈሮች በባጃጅ ማየት ይበቃል። ሳቢያን አዲሱ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ማታ ማታ ምግብ ቤቶቹ ይሞቃሉ። መልካ ጀብዱ በኩል ፋብሪካውና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠና ነው፤ ለጎብኚ ብዙም የሚሆን ነገር የለውም።

ድሬ ውስጥ ሰዓት አጠቃቀም ማወቅ ከካርታ በላይ ይጠቅማል። ጠዋት ሁሉም ይፈጥናል። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ገሚሱ አረፍ ይላል፣ ገሚሱ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጉዳይ ለማስፈጸም መሯሯጥ ዋጋ የለውም፤ «አቦ ተረጋጋ» ነው የምትባሉት። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ይወጣል። ወንበር በረንዳ ላይ፣ ምንጣፍ ደጅ ላይ ይዘረጋል። ከተማዋ ፍቅር ናት የሚባለው ወሬ እውነት የሚመስለው ያኔ ነው። የማታ ሙቀቱም ቢሆን ቀላል አይደለምና ክፍል ስትይዙ ፋን መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም እዩ። ግንቦትና ሰኔ ከሁሉም ይከብዳሉ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ለቁርስ ፈቲራ ወይም ፉል ነው። ፈቲራ ስስ ሊጥ ተጠብሶ እንቁላል የሚገባበት ነው፤ ማርም ይፈስበታል። ሳምቡሳ በየጥጉ አለ። ጣፋጭ የሚወድ ሙሸበክና ሐላዋ አያጣም። ከቡና ተክል ተዘጋጅቶ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ሐረሮች የእኛ ነው ይላሉ፣ ልክም ናቸው፣ ድሬም ግን ይጠጣል።

ከከተማ ወጣ ማለት ሲያምር ቅርቡ ዋሻው ነው። ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ገደል ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ፈረንሳውያን፣ አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን፣ ለሳይንስ አስተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ በቁፋሮ የድንጋይ መሣሪያና ብዙ ቀይ የቀለም አፈር ተገኝቶበታል፤ ዕድሜው በአሥር ሺዎች ዓመታት ይቆጠራል። ሥዕል ለማየት ግን ለገ ኦዳ ይሻላል። ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የከብትና የሰው ሥዕሎች ዓለቱን ሞልተውታል። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጠንካራ መኪናና የአካባቢውን ሰው መያዝ ያስፈልጋል። ጥላ የለም፤ ውሃ በብዛት ያዙ።

ሁለተኛው አቅጣጫ ሽቅብ ነው። ከድሬ የሚነሳው አባዱላ (ሚኒባስ) የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሜዳውን ማየት በራሱ ጉዞ ነው፤ የመስኮት ወንበር በግራም በቀኝም ቢሆን ይያዝ፣ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ሁለቱም ይደርሳቸዋል። ዳገቱ ሲያልቅ ሐረማያ ይመጣል። ሐይቁ በመስኖ፣ በመጠጥ ውሃና በደለል ምክንያት ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ደርቆ ያየው ሰው አሁን ሲያየው ዓይኑን ይጠራጠራል። ቀጥሎ አወዳይ ነው። ለጂቡቲና ለሶማሊያ ሳይቀር በየቀኑ የሚጫነው ጫት ዋና ገበያው እዚህ ነው፤ ሹፌሩ ባይቆም እንኳ ለማለፍ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚያ ሐረር። አምስቱን በሮች፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩትን ግንብና የማታውን የጅብ ማብላት እዚህ በሁለት መስመር መጨረስ አይቻልም። በግንቡ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ይገኛል። ጊዜ ያለው ሰው ሐረርን አልፎ በጅግጅጋ መንገድ ባቢሌ ይድረስ፤ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙትን ዓለቶች ማየት ነው። የሐረር አዳር ግን ሹራብ ይፈልጋል፤ ከድሬ በቲሸርት የወጣ ሰው ያንን የሚያስታውሰው ማታ ነው።

ቁልቢ ገብርኤል በሌላው ጎን፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላ አገሪቱ ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው ተራራውን ይሞላዋል። ብዙው ምዕመን የሚያድረው ድሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ለክብረ በዓሉ ሳይሆን ለመዝናናት የምትመጡ ከሆነ ከ19 ራቅ ያለ ቀን ምረጡ፤ ካልሆነም አልጋችሁን ቀደም ብላችሁ አስይዙ።