«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል

ይቺን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ማረፊያ ሳይኖረው ሸክም አብዝቶ ለሚንከራተት ሰው ትነገራለች። በየስድስት ወሩ የኪራይ ቤት እየቀየረ ያንን ግዙፍ ቁም ሳጥን አልሸጥም ብሎ ይዞ የሚዞር ሰው ካያችሁ፣ ለእሱ ናት።

መነሻዋ ወንዙ ራሱ ነው። ዓባይ ክረምት ላይ ሲሞላ ያገኘውን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። የትም አያሳርፈውም።

እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ስለሆንኩ ሁሌ የምጠይቀው ግንዱ ከየት መጣ የሚለውን ነው። ከኛ ነዋ! የመንዝ፣ የሞረት፣ የመርሐቤቴ ውሃ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ ይገባል። ሐምሌ ላይ ጀማን ያየ ያውቀዋል፣ ቡና መስሎ ነው የሚፈሰው። ያ ቀለም ገበሬው ለጤፍና ለስንዴ ደጋግሞ ያለሰለሰው የላይኛው አፈር ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲያው መንግሥት አፈሩ ሲሄድ ዳር ቆሞ ማየት አይችልም። ሕግም ወጥቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይለቀቅበት፣ ዛፍና መኖ እንዲለማበት ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ግን የጀማ አፋፍ ላይ ቁልቁል የሚያርሰው ሰው ሌላ መሬት የለውም፣ ስለዚህ አትረስ ብሎ መሄድ ሳይሆን የመኖ ዘሩን፣ ችግኙን፣ ሌላ መተዳደሪያውንም አብሮ ማምጣት የመንግሥት ሥራ ነው ባይ ነኝ። እውቀቱ አልጠፋም። ጉዶ በረት አጠገብ፣ አንዲት ጥድ በሚባል ቦታ፣ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ማስለካት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።

የአጎቴ ማሳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጥር ላይ ባለሙያዎች ገመድና ውሃ ልክ ይዘው መጡ፣ አገሩ በሙሉ ወጥቶ ድንጋይ ካበ፣ እርከኑ በሜትር ተለካ፣ ተመዘገበ። እነሱም ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት አዝመራው ሲነሳ ከብቱ ሁሉ እንደ ልማዱ ተለቀቀና ካቡን እየረገጠ ናደው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ በተናደው በኩል ገብቶ ጉልበት የሚያህል ቦረቦር ቆፈረ። አጎቴ ድንጋዩን አንድ በአንድ ከቦረቦሩ እያወጣ መልሶ ሲክብ አይቼዋለሁ፣ እጁ ተልጦ ነበር። ማንም አልመዘገበለትም።

ዘንድሮም ጥር ላይ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። አጎቴ ቡና አፍልቶ ከተቀበላቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፦ «የከብቶቹንስ ነገር ምን አሰባችሁ?»