ከሥልጣን ወደ ቲንክ ታንክ፦ የውጭ ጉዳይ «ከፍተኛ ተመራማሪዎች» ከየት ይመጣሉ?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማሳቹሴትስ ጎዳና፣ ከዱፖንት ሰርክል አደባባይ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ቁጥራቸው 1775 እና 1779 የሆኑ ሁለት ሕንፃዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዱ የብሩኪንግስ ኢንስቲትዩት ነው፤ ሌላው የካርኔጊ ዓለም አቀፍ የሰላም ተቋም። ካርኔጊ በ1910 (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ በሰጡት 10 ሚሊዮን ዶላር ተመሠረተ። ብሩኪንግስ በ1916 በሌላ ስም ሥራ ጀምሮ የዛሬ ስሙን የያዘው በ1927 ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከ1920 ጀምሮ ቻተም ሃውስ አለ። እነዚህ ቲንክ ታንኮች ጥናት ያወጣሉ፣ ባለሥልጣናትን በዝግም በይፋም ያወያያሉ፤ ሰዎቻቸውም ምክር ቤት ቀርበው ሐሳብ ይሰጣሉ። በዜና «ከፍተኛ ተመራማሪ» ሲባሉ የምንሰማቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ማዕረጉ ዕድሜ ልኩን ከመጽሐፍ ጋር የኖረ ሰው ያስመስላል። እንዲህ ዓይነቶቹም አልጠፉም፤ ታሪክ ጸሐፊው አርኖልድ ቶይንቢ የቻተም ሃውስን የጥናት ክፍል ሠላሳ ዓመት ያህል መርተዋል። የዛሬዋ ዋሽንግተን ግን ከዲግሪው ይልቅ የምትጠይቀው የቀድሞ ወንበርን ነው፤ በየትኛው ፕሬዚዳንት ዘመን፣ የማንን አገር ጉዳይ ይዞ እንደሠራ። ፕሬዚዳንት ሲቀየር በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ ሹመኞች ቦታቸውን ይለቃሉ። ተራው እስኪመለስ ብዙዎቹ የሚቆዩት ቲንክ ታንክ ውስጥ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ፓርቲ ቢቀየርም ቋሚው የመንግሥት ሠራተኛ ስለማይነሳ ምልልሱ በዚህ ልክ አይታይም።

ሱዛን ራይስ የዚህ መንገድ ዓይነተኛ ተጓዥ ናቸው። ከኦክስፎርድ በዶክትሬት ተመርቀው በማኪንዚ የንግድ አማካሪነት ሠሩ፤ በክሊንተን ዘመን ኋይት ሃውስ ገቡ፤ በ1997 የአፍሪካ ጉዳዮች ረዳት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል የተመላለሱት በዚሁ ሥልጣናቸው ነው። ዴሞክራቶቹ ምርጫ ሲሸነፉ በ2002 ብሩኪንግስ ገቡ፤ ኦባማ ሲያሸንፉ ደግሞ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው ወጡ።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚታወሰው የጄፍሪ ፌልትማን ጉዞ ነው። ሊባኖስ ውስጥ አምባሳደር፣ ቀጥሎ የቅርብ ምሥራቅ ረዳት ሚኒስትር፣ ከዚያ እስከ 2018 የተባበሩት መንግሥታት የፖለቲካ ጉዳዮች ኃላፊ ነበሩ። ብሩኪንግስ ውስጥ ተጋባዥ ተመራማሪ ሆነው ሳለ በኤፕሪል 2021 የአፍሪካ ቀንድ ልዩ መልእክተኛ ተደርገው ተሾሙ። ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። የተኳቸው ዴቪድ ሳተርፊልድም በሊባኖስና በቱርክ አምባሳደርነት የሠሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ከጥቂት ወራት በኋላ ለቅቀው በሂውስተን ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የቤከር ኢንስቲትዩት መምራት ጀመሩ። የትግራይ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት የኢትዮጵያን ጉዳይ የያዙት ሁለቱም ሰዎች ሥራቸውን የተማሩት በአብዛኛው በአረቡ ዓለም ነው። በእኔ ግምት ዋሽንግተን ያኔ ቀንዱን ከቀይ ባሕርና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር አያይዛ ማየቷ ከዚህ የሹመት ምርጫ ይነበባል።

ሁለተኛው ትልቅ በር ጋዜጠኝነት ነው። በ2022 ቻተም ሃውስን መምራት የጀመሩት ብሮንዌን ማዶክስ የ«ታይምስ» የውጭ ዜና አዘጋጅ ነበሩ። ግጭቶችን የሚያጠናው ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕ ደግሞ የኢትዮጵያ ተንታኝ አድርጎ የቀጠረው አዲስ አበባ ሆኖ ለብሉምበርግ ይዘግብ የነበረውን ዊሊያም ዴቪሰንን ነው። በኖቬምበር 2020 ከአገር ሲባረር ግን የተባረረው ዘጋቢ ሳይሆን ተንታኝ ሆኖ ነው። የተቋሙ ሥራ መስክ ወርዶ ሰው ማነጋገር ስለሆነ፣ ቀድሞ ስልክ ቁጥሮቹን የያዘ ሰው መምረጡ አይገርምም።

ወታደሮችም አሉ። የአሜሪካ ጦር ኮሎኔሎችንና መሰል መኮንኖችን ለአንድ ዓመት ወደነዚህ ተቋማት ይልካል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ከማዕከላዊ ባንክም ይመጣል፤ ቤን በርናንኬና ጃኔት የለን ሁለቱም የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበርነታቸውን እንደጨረሱ ብሩኪንግስ ገብተዋል።

ከአፍሪካ የሚሄዱት በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ የሥራ ታሪካቸው ግን ከዋሽንግተኖቹ ብዙም አይለይም። የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ ሚኒስትርና የጠቅላይ ሚኒስትር አማካሪ የነበሩት ዶ/ር አርከበ ዕቁባይ ለንደን በሚገኘው ኦዲአይ በተባለ የልማት ጥናት ተቋም ተመራማሪ ሆነዋል። ናይጄሪያዊቷ ዘይነብ ዑስማን የካርኔጊን የአፍሪካ ፕሮግራም ለመምራት የመጡት ከዓለም ባንክ ነው።

የቀድሞ ሥልጣን ተቋሙ ሊያመልጠው የማይችል ጣጣም ያመጣል። አፍጋኒስታን ውስጥ ጦር ያዘዙት ጄኔራል ጆን አለን በ2017 የብሩኪንግስ ፕሬዚዳንት ሆነው በጁን 2022 ለቀቁ፤ ምክንያቱ ለኳታር ሳያስመዘግቡ ጉዳይ አስፈጽመዋል በሚል ኤፍቢአይ ምርመራ መክፈቱ ይፋ መውጣቱ ነው። ምርመራው ክስ ሳይመሠረት ተዘግቷል። ኳታር ራሷ ከብሩኪንግስ ትላልቅ ለጋሾች አንዷ ስለነበረች ግን ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልቆመም።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ግን ለአንባቢ ይበልጥ የሚጠቅም ጉዳይ ደግሞ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች «ነዋሪ ያልሆኑ» ይባላሉ፤ ተቋሙ ውስጥ ቢሮ የላቸውም፣ ዋና እንጀራቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ማዕረጉን ብቻ ይይዛሉ። በ2015 እንዲህ ዓይነት ማዕረግ የነበራቸው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሮበርት ላይታን የብሩኪንግስን ስም ይዘው ሴኔት ፊት ቀርበው መሰከሩ። ለምስክርነታቸው የተመረኮዙበትን ጥናት ወጪ ካፒታል ግሩፕ የተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ መሸፈኑን ራሳቸው ጠቅሰው ነበር፤ ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን ግን ለተቋሙ ቅሬታ ጻፉ፣ ላይታንም ለቀቁ። ብሩኪንግስ ነዋሪ ያልሆኑ ተመራማሪዎቹ ለኮንግረስ ሲመሰክሩ የተቋሙን ስም እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ደንብ ነበረው።