አውሮፕላን መሬት ሊነካ ሲል ለምን ይንሳፈፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ፣ አንድ ማኪያቶ ቤት ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር የተመለሰ ሰው አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ «አላርፍም ብሎ» እንደተንሳፈፈባቸው ያወጋል። ጓደኛው ከጋዜጣው አንድ ገጽ ለይቶ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገው፤ ወረቀቱ ተንሸራቶ ስኒው አጠገብ ቆመ። «አየህ? ከሥሩ የታመቀ አየር ነው» አለ። ለወረቀቱ ልክ ነው፤ ለአውሮፕላኑ ግን እምብዛም።

«የአየር ትራስ ነው።» አብራሪዎችም ትራስ ስለሚሉት በጓደኛው አይፈረድም። ዋናው ጉዳይ ያለው ግን ክንፉ ጫፍ ላይ ነው። ከክንፉ ሥር ያለው ግፊቱ ከፍ ያለ አየር በጫፎቹ ዞሮ ወደ ላይ ሲያመልጥ ሽክርክሪት ይፈጥራል፤ ሽክርክሪቱም አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ክንፍ ለማንሳት የሚከፍለው ዕዳ ይህ ነው። አስፋልቱ ሲቀርብ ሽክርክሪቱ የሚስፋፋበት ቦታ ያጣል፤ ዕዳውም ይቀልላል። ክንፉ ከመሬት ያለው ከፍታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመቱን ሲያክል ይህ ጉተታ የሚቀንሰው 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከፍታው የርዝመቱ ሩብ ሲሆን ቅናሹ 23.5፣ አንድ አሥረኛ ሲሆን ደግሞ 48 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የማንሳት ኃይሉም ጥቂት ይጨምራል፤ ይበልጥ የሚያንሳፍፈው ግን ፍጥነቱ አልቀንስ ማለቱ ነው።

«ሁሉም እኩል ይንሳፈፋል።» አይደለም። ክንፉ ከጣሪያው ላይ የተሰካው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከመሬት ስለሚርቅ፣ ክንፉ ከሆዱ ሥር ካለው ጄት ያነሰ ይሰማዋል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው።» ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ቢገኝም፣ እዚህ የሚቆጠረው ከመንደርደሪያው ያለው ርቀት እንጂ ከባሕር ያለው አይደለም። የሳሳው አየር ጣጣው ሌላ ነው፦ ጠቋሚው በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ሲል እውነተኛው ፍጥነት 290 ገደማ ነው። እያንዳንዷ የተንሳፈፉባት ሰከንድ 80 ሜትር ያህል መንደርደሪያ ትበላለች።

«ፓይለቱ ጎበዝ ቢሆን ዱብ አያደርገንም ነበር።» የመንገደኛው ትልቁ ቅሬታ ይህ ነበር። በሐምሌ ዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ግን ለስላሳ ላስነካ ብሎ መንሳፈፍ መንደርደሪያ መጨረስ ነው። ጠንከር ብሎ ያረፈ ጎማ የውሃውን ሽፋን ሰብሮ አስፋልቱን ይይዛል። ወዲያው ከክንፉ ጀርባ ላይ ሳንቃዎች ብድግ ብለው የማንሳት ኃይሉን ያጠፉታል፤ ክብደቱ ጎማው ላይ ይወርዳል፤ ፍሬኑም አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ሳንቃዎቹን በመስኮት ሲያይ ክንፉ የተሰበረ መስሎት ነበር።