በምጽዋት መወዳደር ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጾመ ነቢያት ወቅት፣ እዚህ ድሬዳዋ የማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በካንሰር ለታመሙ ሕፃናት ሕክምናና ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሦስት ምድብ ተከፍለው ሲወዳደሩ፣ አንድ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምጽዋት በስውር ነው እንጂ በውድድር ይደረጋል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበረ፤ ጌታችን ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሎናልና (ማቴ. 6፥3)። የሰጠኋቸው መልስ ግን ችኩል ስለነበረ፣ ዛሬ ረጋ ብዬ ልመለስበት ወደድሁ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ምእመናን ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ አንዱን ማኅበር በሌላው ምሳሌነት አነሣሥቶአል። ለቆሮንቶስ ሰዎች የመቄዶንያን ቸርነት ይነግራቸዋል፤ ለመቄዶንያ ሰዎች ደግሞ የቆሮንቶስ አውራጃ የሆነችው አካይያ ከአምና ጀምሮ እንደተዘጋጀች ይመካላቸዋል፤ የእነዚያም ቅንዓት ብዙዎችን እንዳነሣሣ ይመሰክራል (2ኛ ቆሮ. 9፥2)። እንዲያውም የመቄዶንያ ሰዎች አብረውት መጥተው ቆሮንቶሳውያንን ሳይዘጋጁ ቢያገኟቸው ኀፍረት እንዳይሆን መስጋቱን አልደበቀም። ይህን ፉክክር ብንለው ከእውነት አንርቅም። ነገር ግን በዚያው መልእክቱ፣ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ በመናገር ለፉክክሩ ልጓም አበጅቶለታል (8፥12)።

ለተማሪዎቹ በምሳሌነት የነገርኋቸው የካናዳዊውን ቴሪ ፎክስን ታሪክ ነበር። ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። በሕክምና ላይ ሳለ አብረውት የሚታከሙትን፣ ከእነርሱም መካከል ሕፃናቱን አይቶ ልቡ ስለተነካ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን አቋርጦ መሮጥ ጀመረ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። እኛ የባቡር ከተማ ልጆች ነንና በሐዲድ እንለካው፦ ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው የቀድሞው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልጁ የሮጠው የዚያን ሰባት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ነው። ሕመሙ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ ሩጫውን ሳይጨርስ አቆመ፤ በ22 ዓመቱም ዐረፈ። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ የጠየቀው አንድ ዶላር ብቻ ነበር፤ ከማረፉም በፊት የተሰበሰበው ገንዘብ በጊዜው ከነበረው የአገሩ ሕዝብ ቍጥር ጋር ተስተካክሎ ነበር።

ከምእመናን መካከል «ለታመመው ልጅ መስጠትስ ይሁን፤ ለምርምር መስጠት ምን ይጠቅማል? ጸበል እያለን!» ያሉም አልጠፉም። ጸበሉን አልነካም፤ እኔም የምድነው በእርሱ ነው። ሆኖም በቅዱሳት መጻሕፍታችን ውስጥ የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምረናል (38፥4)። ቪንክሪስቲን የተባለው፣ የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት የሚገኘው ከማዳጋስካር ከመጣች፣ በሞቃት አገር ግቢ ለውበት ከምትተከል ትንሽ አበባ ነው። አበባዋን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ በውስጧ ያለውን ለማግኘት ግን ዓመታት የደከመ ተመራማሪ፣ ለድካሙም ገንዘብ ያዋጣ ሰው አስፈልጎአል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለው ሐኪም ቦስተን ላይ የደም ካንሰር ለያዛቸው 16 ሕፃናት አዲስ መድኃኒት ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜው መሻል ባሳዩ ጊዜ፣ ያ ለጊዜው የሆነ መሻል እንደ ታላቅ ነገር ተቈጥሮ ነበር። ዛሬ በባለጸጋ አገሮች በካንሰር ከሚያዙ ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ሕመሙ ዘግይቶ መታወቁ ነው።

የሚዘገየውም አንዳንድ ጊዜ በእኛ አንደበት ምክንያት ነው። አብዛኛው የሕፃናት ካንሰር የታወቀ መነሻ የለውም፤ እናቲቱ የበላችው ወይም ያደረገችው ነገር አላመጣውም። እኛ ግን ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው እንደጠየቁት፣ በልቅሶ ቤትና በጠበል ቦታ ሳይቀር እንጠይቃለን። የጌታን መልስ በቃላችን እናውቀዋለን፤ እርሱም ወላጆቹም አልሠሩም (ዮሐ. 9፥3)። ይህን እያወቅን የምንጠይቅ ከሆነ፣ እናት ልጇን ደብቃ ብትይዝ ለምን ይደንቀናል?

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያው እሑድ ውድድሩ እንዲሞቅ ብዬ የእያንዳንዱን ተማሪ ስምና ያመጣውን ገንዘብ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። አያቷ ቀፊራ ገበያ ሎሚ የሚሸጡ አንዲት ልጅ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ዝርዝር ሳንቲም ፈትታ ሰጥታኝ ነበር። «17 ብር» ብዬ ስጠራ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ልጅቷ የተፈታውን የነጠላዋን ጫፍ፣ ምንም ሳይኖርበት፣ መልሳ ቋጠረችው። በቀጣዩ እሑድ አልመጣችም። ጌታችን ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ደቀ መዛሙርቱን ወደ እርሱ ጠርቶ ነገራቸው እንጂ (ማር. 12፥43) እርሷን በሕዝብ ፊት እንዳላቆማት ያስተዋልሁት ያን ሳምንት ነው፤ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ለወጥነው። ገንዘቡ ስም ሳይጻፍ በአንድ ሙዳየ ምጽዋት ይገባል፤ ጳውሎስ በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን እንዳለው (2ኛ ቆሮ. 8፥21) ከየምድቡ አንድ አንድ ተማሪና ከሰበካው አንዲት እናት ሆነው ይቈጥሩታል። ምድቦቹ የሚወዳደሩት ዓለም አቀፉ የሕፃናት ካንሰር ቀን እስከሚውልበት እስከ የካቲት 8 ድረስ ስለ ሕመሙ ምልክቶች በነገሩት ቤተሰብ ብዛት ነው፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ መገርጣትና መበለዝ፣ በሰውነት ላይ የሚወጣ እብጠት፣ በዓይን ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ።

ልጅቷ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። አያቷ አሁን ሎሚ ለሚገዟቸው እናቶች ሁሉ ስለ ዓይን ብሌኑ ነጸብራቅ ይነግራሉ፤ የልጅቷ ምድብም እነዚያ ገበያተኞች ይቈጠሩልን ሲል፣ ሌሎቹ አይቈጠሩም እያሉ እስከ አሁን ይከራከራሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።