ባቡሩ ያልወጣውን ተራራ የወጣው ውሃ፦ የሐረር ውሃ ከየት ወዴት

ሐረር የምትጠጣው ውሃ በዋናነት ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ከርሰ ምድር ነው የሚመጣው። ይሄንን ለእንግዳ ስትነግረው ቶሎ አያምንህም፣ ምክንያቱም ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ያለች ወይናደጋ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፣ እና ሰው ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አያውቅም። እዚህ ግን ውሃው ድሬ ጃራ ከሚባል ቆላ ቦታ ጉድጓዶች ተስቦ፣ በፓምፕ እየተቀባበሉ እየገፉት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ነው ሐረር የሚገባው።

ይሄ ተራራ ደግሞ ታሪክ ያለው ተራራ ነው። የጅቡቲው ባቡር ሲዘረጋ መጀመሪያ ሐረር ይገባል ነበር የተባለው፣ ዳገቱ ግን አላስወጣ አለና ሀዲዱ ከስር ከስር ሄዶ በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1902) ድሬ ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ያኔ ስሟ ራሱ አዲስ ሐረር ነበር። ባቡሩ ያቃተውን ዳገት ከመቶ ዓመት በኋላ ውሃ ወጣው ማለት ነው። እኔ ይሄ ነገር ሁሌ ይደንቀኛል። ጀጎል ውስጥ (በአጥር የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር ማለት ነው) ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ያየ ሰው ቁርአኑን፣ ሳንቲሙን፣ የድሮ ጌጣጌጡን አይቶ ይወጣል፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ይቺ ከተማ እንዴት ጠጥታ እንደኖረች የሚያሳይ አንድ ክፍል ቢኖር ብዬ ሁሌም እመኛለሁ።

ከድሮው ስንጀምር፣ ጀጎልን ያጠረው አሚር ኑር ነው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አጥሩ ዙሪያው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ጥንታዊ በሮቹ ደግሞ አምስት ናቸው። ውሃው ያለው ግን ከአጥሩ ውጪ ነው፣ ምንጩም ወንዙም። በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ስለነበር ለሌሊቱ የሚያስፈልገው ውሃ ፀሐይ ሳትጠልቅ በእንስራ ሆኖ በሰው ጀርባ፣ ወይም በአህያ ተጭኖ መግባት ነበረበት። እንስራው ቀርቶ ቢጫ ጀሪካን መጣ እንጂ አህያው አሁንም አለ፣ የጀጎል መንገድ ብዙ ቦታ ላይ መኪና አያስገባማ።

ከዚያ ሐረማያ መጣ። የዛሬ ልጆች ሐረማያ ሲባል ዩኒቨርሲቲው ነው የሚመጣባቸው፣ በፊት አለማያ ሲባል ግን መጀመሪያ ሐይቁ ነበር። ለአስርት ዓመታት ሐረርን ያጠጣው እሱ ነው፣ ውሃው ተጣርቶ ባቴን፣ አወዳይን አልፎ በቧንቧ ይመጣ ነበር፣ ዳር ዳሩ ያሉ ከተሞችም ዩኒቨርሲቲውም የሚጠጡት ከዚያው ነበር። በደህናው ጊዜ ሰባት ስምንት ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ነበረው። ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ቀነሰ አይደለም የምላችሁ፣ ደረቀ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

ለምን ደረቀ ሲባል ሁሉም የየራሱን ጥፋተኛ ይጠራል፣ እውነቱ ግን ብዙ እጅ አለበት። ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ፓምፖች ዙሪያውን ከበውት ነበር፣ ጫት ደግሞ በበጋ የወጣ ጊዜ ነው ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው፣ ስለዚህ ገበሬው ውሃ በሌለበት ወቅት ነው አብዝቶ የሚስበው። ከተሞቹም ይስባሉ። ዙሪያው ያለው ኮረብታ ዛፍ ስለሌለው በዝናብ ጊዜ አፈሩ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ይገባና ይደለድለዋል፣ ሐይቅ ጥልቀቱ ቀንሶ ሲሰፋ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች። ገበሬውን ብቻ መክሰስ ልክ አይመስለኝም፣ እኛም ሐረር ሆነን ቧንቧ ከፍተን ስንጠጣ ከየት ነው የመጣው ብለን ጠይቀን አናውቅም።

የዚያን ጊዜ ሐረር የኖረ ሰው አይረሳውም። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ሦስት በርሜል ነበራት፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለማብሰያ፣ ሦስተኛው ለእጥበት ነበር፣ የታጠበበት ውሃ ደግሞ አይደፋም፣ ለሽንት ቤት ይቀመጣል። ፈረቃው ከሳምንት በላይ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር፣ ሲመጣም ሌሊት ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጎረቤት ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምቶ «መጣች! መጣች!» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ በፒጃማ ይወጣል። ቦኖ ጋ ጀሪካን ተሰልፎ ያድራል፣ በየጀሪካኑ ጆሮ ላይ ደግሞ ጨርቅ ይታሰራል፣ የኛ ቀይ ነበር፣ እንዳይቀየር። ቦቴ የመጣ ቀንማ የሠርግ ያህል ነው።

መፍትሄው ታች ቆላ ተገኘ። ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ገንዘብ ድሬ ጃራ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘርግቶ ውሃው ወደ ላይ ተገፋ፣ በመንገዱ ያሉ ከተሞችም እንዲጠጡበት ተደረገ። አሰራሩ ሲነገር ቀላል ነው፣ ፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያ ይገፋል፣ ሌላ ፓምፕ ከዚያ ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ደጋው ላይ ከወጣ በኋላ ወደ ሐረር ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ችግሩ ሁሉ ነገር መብራት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ስምንት መቶ ሜትር ሽቅብ ውሃ መግፋት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ መብራት የጠፋ ቀን ፓምፑ ቆመ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሐረር ላይ አቅም ያለው ሁሉ ሮቶ ሰቅሏል፣ የሌለው በጀሪካን ነው።

ድሬስ ራሷ? ድሬ ከድሮም የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ሳቢያን አካባቢ ያሉት ጉድጓዶች ናቸው የታወቁት። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይሞላል፣ በ1998 ክረምት ጎርፉ ያደረሰውን የድሬ ሰው በእንባ ነው የሚያወራው። ከመሬት ስር ያለው ውሃ ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ከባድ ውሃ ነው። የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብታዩት ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፣ እኛ ቤት ሎሚ ጨምቀንበት እናፈላውና ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ሲፈቀፈቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላጦ ይወድቃል። ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ግን የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ ድንጋዩ ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ከላይ የፈሰሰው ወደታች ይሰርጋል፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ናይትሬት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ይሄ ለጨቅላ ልጆች ጥሩ አይደለም፣ ማፍላት ደግሞ ናይትሬትን አያጠፋም፣ ብዙ እናት ይሄን አታውቅም።

ሐረማያ በቅርብ ዓመታት ተመልሷል፣ ዝናቡም ጥሩ ነበር፣ ሰዉም ተራራው ላይ እርከን ሰርቷል። መጀመሪያ ከሚኒባስ መስኮት ውሃውን ሳየው እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ፣ ጎኔ የነበሩ አንድ አባት «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዝም አሉ። ትንሽ አለፍ ስንል ግን ዳሩ ላይ አንድ ፓምፕ ቆሟል፣ ሰማያዊው ጎማ ጫት ማሳው ድረስ ተዘርግቷል፣ ሞተሩም እየሰራ ነበር።