የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች፦ እነማን ናቸው? ከየት መጡ?

ስለ አሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዶናልድ ትራምፕ ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ትራምፕ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ንቅናቄው በየሰፈሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ቀስ እያለ ተገነባ። ፕሬዝዳንቶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የሰፈሩ መረብ ግን ይቆያል። ንቅናቄውን መረዳት የሚፈልግ ሰው ከኋይት ሀውስ ይልቅ እዚያ ቢመለከት ይሻለዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወግ አጥባቂ የሚባለው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። አንዱ ግብር እንዲቀንስና መንግሥት ከገበያው እጁን እንዲሰበስብ ይፈልጋል። የሌላው ጭንቀት ሃይማኖትና ቤተሰብ ነው። ሌላው ደግሞ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እንቅልፍ የነሳው ኮሚኒዝም ነበር። እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ ለማምጣት ጸሐፊው ዊሊያም ባክሊ በ1955 ናሽናል ሪቪው የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ። ከአርታኢዎቹ አንዱ ፍራንክ ማየር ደግሞ ሐሳቡን መልክ አስያዙት። ሰው በግድ ጥሩ አይሆንም፣ ነፃነትም ያለ ሥነ ምግባር ዕድሜ የለውም የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ግን ገበያና ወግ ሁልጊዜ አይስማሙም። ፋብሪካውን ዘግቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው ባለሀብትና በዚያው ፋብሪካ ደሞዝ ልጆቹን ያሳደገው ሠራተኛ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ የሚሰጡበት ጊዜ ነበር። በ2016 ትራምፕን ወደ ሥልጣን ካመጡት ምክንያቶች ትልቁ ይህ ቅራኔ ይመስለኛል።

የዘር ጉዳይም አለ። በ1964 የሪፐብሊካን የፕሬዝዳንትነት ዕጩ የነበሩት ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ያሸነፉት ስድስት ግዛት ብቻ ነው፤ የራሳቸው አሪዞናና አምስት የደቡብ ግዛቶች። በዚያው ዓመት የወጣውን የሲቪል መብቶች ሕግ በሴኔት ተቃውመው ነበር። የእሳቸው መከራከሪያ ሕጉ ለፌዴራል መንግሥቱ ከልክ ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል የሚል ነበር። በደቡብ ድምፅ ከሰጧቸው ነጮች ብዙዎቹ ግን የዘር መድልዎው እንዲቀጥል የሚፈልጉ ነበሩ። ይህን ዘሎ የንቅናቄውን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ዛሬም አብዛኛው ጥቁር መራጭ ከሪፐብሊካኖች የራቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የባህል ጥያቄው የተቀጣጠለው በፍርድ ቤት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ጸሎት ማስደገም አይችሉም አለ። በ1973 ደግሞ ፅንስ ማቋረጥ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ብሎ ፈረደ። መጀመሪያ በብዛት የተነሱት ካቶሊኮች ነበሩ። ትልቁ የፕሮቴስታንት ማኅበር፣ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ በ1971 ባወጣው አቋም ፅንስ ማቋረጥ በአንዳንድ ሁኔታዎች እንዲፈቀድ ደግፎ ነበር። ወንጌላውያኑ በሙሉ ልብ የገቡበት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

ይህ ሁሉ በቅርብ የሚታየው በፊሊስ ሽላፍሊ ዘመቻ ነው። በ1972 ኮንግረስ የወንድና የሴት እኩልነትን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሚያስገባ ማሻሻያ አጸደቀ። በሴኔት 84 ደገፉ፣ 8 ተቃወሙ። ሁለቱም ፓርቲዎች ይደግፉት ነበር። የቀረው 38 ግዛቶች እንዲያጸድቁት ብቻ ነበር፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 30ዎቹ አጸደቁ። ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ይመስል ነበር። የስድስት ልጆች እናት የሆኑት የኢሊኖይዋ ሽላፍሊ ግን በዚያው በ1972 ለተቃውሞ ተነሱ። ማሻሻያው ሴቶችን ለግዳጅ ውትድርና ይዳርጋል፣ የቤት እመቤቶችንም የሕግ ከለላ ያሳጣል ብለው ተከራከሩ። ደጋፊዎቻቸው ቤት ውስጥ የጋገሩትን ዳቦና ያዘጋጁትን ማርማላታ ይዘው ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የኢሊኖይ ምክር ቤት ሄዱ። ለየተመራጩ እያደሉ ድምፁን ለመኑ። ፖለቲካ ውስጥ ገብተው የማያውቁ ሴቶች ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወልና ጋዜጠኛ ፊት መናገር ተማሩ። ማሻሻያው 35 ግዛት ላይ ቆመ። ቀነ ገደቡ ተራዝሞ እንኳ በ1982 ሳይሳካ ቀረ። ተቃዋሚዎቻቸው ሽላፍሊ ራሳቸው ከቤት ወጥተው አገር እየዞሩ ሌላውን ቤት ተቀመጪ ይላሉ ብለው ይወቅሷቸው ነበር። ወቀሳው ክብደት አለው። የማደራጀት ችሎታቸውን ግን ማንም አይክድም።

በ1979 ፓስተር ጄሪ ፎልዌል ሞራል ማጆሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት ሮናልድ ሬገን 44 ግዛቶችን ጠራርገው አሸነፉ። ሬገን ግብር ቀነሱ። ሃይማኖተኞቹ የጠበቁት የባህል ለውጥ ግን አልመጣም። ዳኞቹ ለዕድሜ ልክ ስለሚሾሙ ፍርድ ቤቱም በአንድ ምርጫ አይቀየርም።

ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ያዙ። በ1982 የሕግ ተማሪዎች ፌዴራሊስት ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ በነበረው ትርጉም ይነበብ የሚሉ የሕግ ሰዎችን ማሰባሰብና ማፍራት ነበር። ለፍሬው 40 ዓመት ፈጀ፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ሻረው። ሆኖም ይህ አነባበብ ሁሌ ወግ አጥባቂውን ደስ አያሰኝም። በ2020 የቅጥር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ግብረ ሰዶማውያንንና ትራንስጀንደር ሠራተኞችንም ይጠብቃል የሚለውን ውሳኔ የጻፉት በትራምፕ የተሾሙት ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው። ብዙ ወግ አጥባቂዎች ክፉኛ ተናደዱ።

በስደት ጉዳይ ላይ የመጣው ለውጥ ደግሞ እኛንም ይነካል። ሬገን በ1986 የፈረሙት ሕግ ወረቀት ያልነበራቸው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሕጋዊ እንዲሆኑ በር ከፈተ። ስንቱን ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ያስገባው ዲቪ የተፈጠረውም በ1990 ሌላው ሪፐብሊካን፣ ትልቁ ጆርጅ ቡሽ፣ በፈረሙት ሕግ ነው። ልጃቸው በ2003 ያስጀመሩትና ወንጌላውያን በጽኑ የደገፉት የኤች አይ ቪ መርሐ ግብርም ኢትዮጵያን ከመጀመሪያዎቹ 15 አገሮች መካከል አስገብቷል። ትራምፕ ግን በ2017 ኮንግረስ ዲቪን እንዲያስቀር ጠየቁ። የሬገንን ፓርቲ ያወቀ ሰው የዛሬውን ለመለየት ቢቸገር አይፈረድበትም።

የፅንስ ማቋረጡ ድልም የራሱን ራስ ምታት ይዞ መጣ። ከውሳኔው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሪፐብሊካን በሚያይልባት ካንሳስ፣ መራጩ የፅንስ ማቋረጥን መብት ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የሚያስወጣ ሐሳብ ቀረበለት። 59 በመቶ ገደማ የሚሆነው አይሆንም አለ። በ2024 ፓርቲው ለብዙ ዓመታት ሲያነሳው የነበረውን አገር አቀፍ እገዳ ከፕሮግራሙ አውጥቶ ጉዳዩን ለግዛቶች ተወው። ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ብርድ ዋሽንግተን ሰልፍ የሚወጡት ሰዎች ግን እገዳው በመላ አገሪቱ ካልሆነ ሥራው አላለቀም ይላሉ፤ ክርክራቸውም አሁን ከገዛ ፓርቲያቸው ጋር ሆኗል።