«ፊልም ላይ ነው የምሠራው» ሲባል ሰው የሚያስበውና እውነታው

አትላንታ ውስጥ አንድ ሐበሻ ልጅ «ፊልም ላይ ሥራ አገኘሁ» ካለ፣ ወሬው ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ ግቢውን አዳርሶ ነው የሚያድረው። ግማሹ ተዋናይ ሆነ ይላል። ግማሹ ደግሞ «ያን ሁሉ ተምሮ ቡና ያመላልሳል» እያለ ከንፈሩን ይመጣል። ሁለቱም አልገባቸውም። ሥራው ፕሮዳክሽን አሲስታንት (የቀረጻ ረዳት) ይባላል፤ ባጭሩ ፒኤ። አትላንታ ያለችባት የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት በ2008 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ለፊልም ሠሪዎች እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የግብር ማበረታቻ ከፈቀደች ወዲህ ቀረጻው በዝቷል። የተሳሳተው ወሬም አብሮ በዝቷል።

«ፒኤ የዳይሬክተሩ ረዳት ነው»

አይደለም። ከዳይሬክተሩ ጋር አንዲት ቃል ሳይነጋገር ቀረጻውን የሚጨርስ ፒኤ ሞልቷል። አለቆቹ ፈርስት ኤዲ፣ ሰከንድ ኤዲ የሚባሉት ረዳት ዳይሬክተሮች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ስለ ትወናው ብዙም አይጨነቁም። ጭንቀታቸው ሰዓት ነው። ዛሬ ሊቀረጽ የታሰበው ሁሉ ዛሬ ማለቅ አለበት። ፒኤውም የሚለፋው ለዚሁ ነው።

«ሥራው ቡና ማመላለስ ነው»

ቡናው አለ፣ አልዋሽም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ መንገድ መጠበቅ አለ። ሎክአፕ ይሉታል። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ፒኤዎች በየበሩና በየማዕዘኑ ይቆማሉ። በሬድዮ «ሮሊንግ» (ካሜራው መቅረጽ ጀመረ) ሲባል እያንዳንዱ ቃሉን ተቀብሎ አጠገቡ ላለው ሰው ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ከዚያ ጸጥ ረጭ። «ካት» እስኪባል ድረስ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ የሚንኳኳ ጋሪ፣ የሚጮኽ ስልክ ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው። ችግሩ ፒኤ ፖሊስ አይደለም። እግረኛን በግድ የማስቆም ሥልጣን የለውም፤ መለመን ብቻ ነው የሚችለው። ውሻቸውን ይዘው ቸኩለው የመጡ አዛውንትን «እባክዎ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ በፈገግታ ማቆየት፣ እሳቸው እየተቆጡም በሹክሹክታ መመለስ፣ በሌላኛው ጆሮ ደግሞ ሬድዮውን ማዳመጥ። በቀን ሠላሳ ጊዜ። ያልሞከረው ቀላል ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሰዓት መመዝገብ ነው። የቀኑ ፕሮግራም የሚጻፍበት ኮል ሺት የሚባል ወረቀት አለ። እዚያ ላይ «5:42 ጠዋት» የሚል የመግቢያ ሰዓት ብታዩ አትደንግጡ። በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ42 መሆኑ ነው። ለምን 42? በሰዓት መመዝገቢያው ላይ አንድ ሰዓት አሥር ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ክፋይ ስድስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ 5:42 ወረቀቱ ላይ 5.7 ተብሎ ይገባል። ተዋናዩ የደረሰበት፣ ሜካፕ የገባበት፣ ምሳ የወጣበት፣ የተሰናበተበት ሁሉ እንዲህ ይጻፋል። የሠራተኛ ማኅበር አባላት ሥራ ከጀመሩ በስድስት ሰዓት ውስጥ ምሳ ካልቀረበላቸው አሠሪው ቅጣት ይከፍላል። ተዋናይም ከተሰናበተ በኋላ በደንቡ 12 ሰዓት ማረፍ አለበት። አንድ ጀማሪ የተሳሳታት ስድስት ደቂቃ ገንዘብ ናት።

«ታታሪ ከሆንኩ ያየሁትን ሁሉ አነሳለሁ»

ይሄ የእኛን ልጆች በተለይ ያሳስታቸዋል። ቤት ውስጥ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ነውር ነው ተብለን አድገናል። አዲስ አበባ ቀረጻ ላይ የሠራ ሰው ደግሞ እጅ ሲያጥር መብራቱንም ገመዱንም ቢያነሳ «ተባረክ» ነው የሚባለው። እዚህ በማኅበር በተደራጀ ቀረጻ ላይ የመብራት ማቆሚያ ብታነሱ ግን ባለሙያው ተቆጥቶ ይመጣል። አንደኛ የእሱን ሥራ ወሰዳችሁ። ሁለተኛ ቢወድቅና ሰው ቢጎዳ ማን ሊጠየቅ ነው? ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ እጅን መሰብሰብም ሥራ ነው።

«የፊልም ትምህርት ያልተማረ አይገባም»

ዲግሪ የሚጠይቅ አላየሁም። መንጃ ፈቃድ፣ የሚነሳ መኪና፣ ዝናብ የሚችል ጫማ፣ ሰዓት ማክበር። በቃ። አንድ ቀን ሰው ይጎድላል፣ ትጠራላችሁ። ያቺን ቀን በደንብ ከሠራችሁ ዋናው ፒኤ ስልካችሁን ይይዛል። ሲቪ ከላኩት ይልቅ በስልክ የተጠሩት ይበዛሉ።

«ፊልም ስለሆነ ገንዘቡ ወፍራም ነው»

ቀጭን ነው። ክፍያው በሰዓት ነው፤ የሚያጠግበው የሰዓቱ ብዛት ነው። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን የተለመደ ነው። በፌደራሉ ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ ያለው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ ለምሳሌ በሰዓት 15 ዶላር ቢሆን 60 ሰዓት የሠራ ሰው የ70 ሰዓት ያገኛል፤ 1,050 ዶላር፣ ግብር ሳይነሳ። ካሊፎርኒያ ይሻላል፤ በቀን ከስምንት ሰዓት በኋላ አንድ ተኩል፣ ከ12 በኋላ እጥፍ ነው። ግን ቀረጻው ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል። በ2023 የሆሊውድ ደራሲዎች 148 ቀን፣ ተዋናዮቹ 118 ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ አብዛኞቹ ፒኤዎች ማኅበርም ሳይኖራቸው አብረው ቤት ዋሉ። የቤት ኪራይ ግን አድማ አያውቅም።

«መጀመሪያ በነፃ ሥራ፣ ኋላ ይከፈልሃል» የሚላችሁም አይጠፋም። ብላክ ስዋን የተባለው ፊልም ላይ ያለ ክፍያ የሠሩ ወጣቶች በ2011 ከሰሱ፤ በ2013 ዳኛው ፈረዱላቸው። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለ ክፍያ ማሠራት የሚቻልበትን መመዘኛ ለአሠሪዎች አላላው፤ ነገሩ በመጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። እንደኔ እንደኔ፣ የጓደኛ አጭር ፊልም ከሆነ በነፃ አግዙ። በጀት ያለው ሰው ግን ይክፈል።

«ወጣት ነኝ፣ እንቅልፍ አይጥለኝም»

ቀልድ አይደለም። በ1997 ብሬንት ሀርሽማን የተባለ የካሜራ ረዳት 19 ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሞተ። ሚስትና ልጆች ነበሩት። ፒኤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉም ኋላ የሚወጣ ነው። ዓይናችሁ ከከበደ ለኤዲው ንገሩ፤ ማደሪያ ወይም የሚያደርሳችሁ ሰው ጠይቁ። እንቢ ካሉ መኪናው ውስጥ ተኙ። ማንም ይሳቅ።

«ቆይቶ ዳይሬክተር ያደርጋል»

መንገዱ በአብዛኛው የሚወስደው ወደ ረዳት ዳይሬክተርነት ወይም ወደ ፕሮዳክሽን ቢሮ ነው። በኒው ዮርክ አካባቢ በፒኤነት የሠራውን 600 ቀን በሰነድ ያስመሰከረ ሰው ረዳት ዳይሬክተር ሆኖ ለመቀጠር ብቁ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ኮል ሺታችሁንና የክፍያ ወረቀታችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አስቀምጡ። ካሜራ የሚያምረው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀረጻ ላይ ሰዉን ከተዋወቀ በኋላ ለካሜራ ክፍሉ ቶሎ ይንገር። ሬድዮ ይዞ አምስት ዓመት መንገድ ላይ ቢቆም ሌንስ መቀየር አይማርም። ዳይሬክተር መሆን የሚፈልግም ቅዳሜና እሁድ፣ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ የራሱን ይቅረጽ።